አሥራ ሰባቱ ቢጫዎች

ሰኔ 12 ቀን 2017

የጋሼ ወርቅአገኘሁ ቀኝ እጅ መታዘዝ አቆመ።

ሰኔ 14

ሁለት ቀን ሆስፒታል ነበርን። ሐሙስ ዕለት ከንግሥ የሚመለሰው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ቃሬዛውን ይዘን የምናልፍበት አጥተን ነበር። ሰዉ ሲያየን ለሁለት ተከፍሎ አሳለፈን። አራት የማላውቃቸው ወጣቶች ከእጃችን ተቀብለው እስከ በሩ ተሸከሙ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። እግዜር ይስጣቸው።

ሐኪሙ ደም ግፊትና ስኳር ተረዳድተው ነው አለ። ዓይናቸውን ስኳሩ ከወሰደው ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን ደግሞ እጅ። አንደበታቸው ትንሽ ይጎተታል እንጂ ይሰማል።

ቤት ስንገባ፣ «ጆሮና ምላስ ቀርቶኛል» አሉኝ። «ያንተ ዓይን ሲጨመርበት አንድ ሰው ይወጣዋል።»

እህታቸው እትዬ ውባንቺ፣ «ይልቅ ሾርባህን ጠጣ፣ ወንድምዓለም» አሏቸው።

ሰኔ 17

ክፍል ውስጥ ፈተና እየተቆጣጠርኩ ነው። አርባ ሁለት ተማሪ አቀርቅሯል፤ እኔም አቀርቅሬ እጽፋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው፤ ግራ ሲገባኝ የምመለስበት ይሆነኛል።

ጋሼ የገነተ ማርያም ልጅ ናቸው። አባታቸው በኦጋዴን ጦርነት ሞቱ። በ1971 ዓ.ም.፣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አባት ከሞተባቸው ሌሎች ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላኩ። እዚያው አድገው ስለ ነፍሳት ተማሩ። ከዚያ ቦሊቪያ ሥራ አግኝተው ሃያ አራት ዓመት ኖሩ። ከአንዲስ ተራራ በስተምሥራቅ በሚገኝ አንድ ሸለቆ ውስጥ ነጭ አንሶላ ዘርግተው፣ መብራት አብርተው፣ አንሶላው ላይ የሚያርፈውን የእሳት ራት ይሰበስቡ ነበር። እናታቸው እማማ ውዱ ልጃቸውን አሳፍረው ከሸኙ በኋላ ዳግመኛ አላዩትም። ጋሼ በ2005 ሲመለሱ እናት ከሞቱ ቆይተዋል። ይዘው የመጡት አራት ሣጥን ነው።

የእኛ ሥራ አንዱ ሣጥን ነው። በውስጡ ያለው ኮፓክሳ የሚባል ወገን ነው፤ ሐር ከሚሠሩት የደቡብ አሜሪካ የእሳት ራቶች አንዱ። ክንፋቸው ተዘርግቶ መዳፍ ይሞላል። በየክንፉ ላይ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ አለ። ሁሉም የተያዙት ከዚያው ሸለቆ ነው፤ ስድሳ ሦስት ናቸው። አርባ ስድስቱ ዳማ ቀይ ናቸው፣ አሥራ ሰባቱ ቢጫ። ቀዮቹ ከታወቁ ቆይተዋል፤ ስም አላቸው። የኛ ጥያቄ፣ ቢጫዎቹ ሌላ ዝርያ ናቸው ወይስ ቀዮቹ ራሳቸው ናቸው የሚል ነው።

መልሱ በወሩ ላይ ይቆማል። እዚያ ዝናቡ በፈረንጅ ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው፤ በጋው የኛ ክረምት ላይ ይውላል። ቢጫው በበጋ፣ ቀዩ በዝናብ የሚወጣ ቢሆን አንድ ዝርያ ሁለት ልብስ ለበሰ እንላለን። ሁለቱም በአንድ ወር አንድ አንሶላ ላይ ወድቀው መልካቸው ካልተደባለቀ ግን ሁለት ዝርያ ናቸው። በየመርፌው ሥር ያሉትን፣ የተያዙበት ቀንና ቦታ የተጻፈባቸውን መለያ ወረቀቶች የገለበጥኳቸው እኔ ነኝ። ቢጫዎቹም ቀዮቹም በዝናብ ወራት የተያዙ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ሁለት።

ሦስት ዓመት ፈጀብን። ጽሑፉን ባሕር ማዶ ያለ አንድ መጽሔት ተቀብሎታል። የሚቀረው የመጨረሻውን ረቂቅ አይተን እስከ ጳጉሜን ማብቂያ መመለስ ነው። ቢጫው «ኮፓክሳ ውዱኤ» ይባላል፤ በላቲኑ ወግ ውዱ ሲባል እንዲያ ይሆናል። ጋሼ የቀራቸው ምኞት ይህ ብቻ ነው፤ የእናታቸው ስም የታተመበትን ገጽ በጣታቸው መዳሰስ። ማንበብ ባይችሉም።

ደንቡ ስለሆነ ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሰያሚዎቹ ስም ይጻፋል። የጋሼና የእኔ። እኔ ለዚያ ብዬ አይደለም።

ተማሪዎቹ እየቀዱ ነው። ልነሣ።

ሰኔ 24

ሻጋታ። ሣጥኑ ውስጥ። ስድስቱ ላይ።

ሰኔ 25

 ሻጋታው የነካው ከቢጫዎቹ ስድስቱን ነው፤ ክንፋቸውን ሳይሆን ሆዳቸውንና መለያ ወረቀታቸውን። በቀጭን ብሩሽና በአልኮል አንድ በአንድ ጠረግሁ።

እትዬ ውባንቺ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ቆጥ ላይ ብትሰቅሉት ምን አለ?» አሉ።

«ጭስ አለ እትዬ።»

«ጭስ ስላለ እኮ ነው። የዘር ገብሴን ነቀዝ የማይነካው ለምን ይመስልሃል? ከአልጋ ሥር አስቀምጣችሁ ሻገተ ትላላችሁ። የተማረ ሰው።»

ተከራከርኩ። ጋሼ ከአልጋቸው፣ «እሷ ያለችውን አድርግ» አሉ። ሣጥኑን በሁለት ዙር ላስቲክ ጠቅልለን፣ ውስጡ በጨርቅ የታሰረ ከሰልና ናፍታሊን አድርገን፣ ከገብሱ ስልቻ አጠገብ ሰቀልነው።

ሐምሌ 1

አውርጄ አየሁት። ደረቅ። ሻጋታው አልተመለሰም። እትዬ ውባንቺን አመሰገንኩ። «አሁን ደግሞ ገብሴን እንዳትሰይሙት» አሉኝ።

ሐምሌ 4

የመጨረሻው ረቂቅ መጣ! ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ ሁሉ ነገር የሚሄደው በሀቢብ ነው። ሚኒባስ ይነዳል። እህቱ ሂንድ ወልድያ ሱቅ አላት፤ ኢሜይሌን እሷ ከፍታ ፍላሽ ላይ ትገለብጣለች፣ እሱ ያመጣል። ዛሬ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ውሎ አድሮ ነው የደረሰው። ፍላሹን ከጫማው ውስጥ አወጣው።

«ይቅርታ መምህሬ፣ ይሸታል።»

«ምን ብዬ ላመስግንህ?»

«አብሽር። ቢራቢሮዋ ስትወለድ አንዷን በኔ ሰይሙልኝ።»

ሐምሌ 6

ረቂቁን ለጋሼ እያነበብኩ ነው። የእያንዳንዱን ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ። ቢጫዎቹ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ድገመው።»

«ኖቬምበር አሥራ ሁለት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና።»

 «እኔ ቢጫዎቹን ሳስብ ብርድ ነው ትዝ የሚለኝ» አሉ። «ደረቅ ብርድ። ትንፋሼ ይታየኝ ነበር። ኖቬምበር ዝናብ ነው።»

«መለያው እንዲያ ይላል ጋሼ።»

«አይተኸዋል?»

«እኔ ነኝ የገለበጥኩት።»

«መለያው ካለ አለ ነው። ትዝታ ይዋሻል፣ መለያ አይዋሽም።» ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀጠልኩ።

ሐምሌ 7

ሥላሴ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ሰዓት ብቻ። ሠንጠረዥ ሁለትን ጨረስኩ። ደክሞኛል። «ውዱኤ» የሚለው ስም በረቂቁ ውስጥ ሃያ ሦስት ጊዜ አለ። የኔ ስም ከሥሩ ሃያ ሦስት ጊዜ የለም፤ አራት ጊዜ ነው።

ሐምሌ 15

የርእሰ መምህሩ የአረጋ ቢሮ በር ላይ ደርሼ ውስጥ ሲያወራ ሰማሁት።

«ባለፈው ዓመት የማን አገር ትል ነው የሚቆጥረው ብለን ስንስቅበት አልነበር? አሁን ስሙ ዓለም ሊዞር ነው። መስከረም ላይ በሰልፍ እናስጨበጭብለታለን። በትልቁ ወረቀት ይጻፍና በሩ ላይ ይለጠፍ።»

ሳልገባ ተመለስኩ። አያስፈልግም ልለው ነበር። ሌላ ቀን እነግረዋለሁ።

ሐምሌ 28

ጉም ሳምንቱን ሙሉ አልተነሣም። ማይክሮስኮፑ በመስተዋት ነው የሚሠራው፤ ብርሃኑን ከመስኮት ነው የሚለቅመው። ፀሐይ ከሌለ ዕውር ነው። በአምስት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብርሃን አገኘሁ። የወንዶቹን የመራቢያ አካል ስላይድ ደግሜ አየሁ፤ ዝርያ የሚለየው እዚያ ባለች ጥርስ መሰል ሹል ነው። አምና «የቢጫው ጥርስ በትንሹ ይረዝማል» ብዬ ጽፌያለሁ። ዘንድሮ የሚረዝምበትን ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ። ብርሃኑ ጥሩ አልነበረም።

ነሐሴ 5

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ሣጥኑን ከቆጥ አውርጄ ደጃፍ ላይ ከፈትኩት። የአሥራ ሰባቱን ቢጫዎች መለያዎች ከመርፌያቸው በወረንጦ አውጥቼ፣ እያንዳንዱን ከቁጥሩ ጎን፣ በነጭ ወረቀት ላይ በተርታ አሰጣሁ። ሻጋታው የነካቸውን ለማድረቅ ነበር፤ ፀሐዩን ሳገኝ ሁሉንም አወጣሁ። ጋሼ ውስጥ ተኝተዋል።

አባ ወልደ ኪዳን ጠበል ይዘው መጡ። የጋሼ የነፍስ አባት ናቸው።

«ይባርኩኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይባርክህ። ይሄ ነው ቢራቢሮው?»

«የእሳት ራት ነው አባ። ሐር ይሠራል።»

«ይፈተላል?»

«የዚህኛው አይፈተልም።»

«ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ስም እናወጣለታለን።»

ሣቁ። «አዳም ጨርሶት አልነበር እንዴ?»

መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። የክንፎቹን መስኮት አዩ፣ ተደነቁ። ከዚያ ወደ ወረቀቶቹ ዞሩ። ቁጥሮቹ ደቃቅ ናቸው፣ በጥቁር ቀለም፣ በጋሼ የወጣትነት እጅ። በጣታቸው ሳይነኩ ከላይ ከላይ ተከተሏቸው።

«ወርቅአገኘሁ እዚያ አገር ደብተራ ሆኖ ነበር እንዴ?»

«ለምን አባ?»

«በዓል በበዓል ነዋ የጻፈው። ይሄው ሚካኤል። ሥላሴ። ገብርኤል። ማርያም።»

«የተያዙበት ቀን ነው አባ።»

«ቀኑንማ አየሁት። ሰኔ አሥራ ሁለት። ሰኔ ሃያ አንድ። ሐምሌ ሰባት። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ። ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት። ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ፣ ባለ ወልድ። አንድም ባዶ ቀን የለበት።»

ወሩ የፈረንጅ ነው ልል ነበር። አፌን ስከፍት ጣታቸው መጨረሻው ላይ ደርሷል።

«ይቺ ደግሞ ጳጉሜን ሦስት። ሩፋኤል። በል በርታ፣ ልግባና ልርጨው።»

ገቡ። እኔ እዚያው ቀረሁ።

3-13-90።

ይህን ወረቀት አምና ስገለብጥ አስታውሳለሁ። አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብዬ፣ ጋሼ ቀንና ወር አፈራርቀው ነው ብዬ፣ «13 ማርች 1990» ብዬ በገዛ እጄ አስተካከልኩ። አሥራ ሦስት ወር በሚቆጠርበት አገር ተወልጄ፣ አርባ ሰባት ጳጉሜን አሳልፌ። እንግሊዝኛ ስጽፍ የአገሬ ወር ከራሴ ይጠፋል።

ያቺ አንዷ ደግሞ ለአዲሱ ዝርያ ዋና ምስክር አድርገን የመረጥናት ናት። ስሙ የሚቆመው በሷ ነው።

ጋሼ ሲነቁ፣ «አባ ምን አሉ?» አሉኝ።

«ሣጥኑን አዩ» አልኩ።

ነሐሴ 6

ሁሉንም ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት። ሁሉም በዓል ላይ። ወሩን 10 ሲል ኦክቶበር፣ 11 ሲል ኖቬምበር ብዬ የገለበጥኩት ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ሁሉም ከሰኔ እስከ ጳጉሜን 1990 በኛ። በፈረንጅ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 1998። በጋ። ደረቅ ብርድ።

የቀዮቹ ወር በሮማ ቁጥር፣ ዓመቱ በሙሉ ነው የተጻፈው። የቢጫዎቹ እንዲህ አይደለም። ልዩነቱን አይቻለሁ። ያኔ ጋሼ ገና ጀማሪ ስለነበሩ ነው ብዬ አለፍኩት። ጀማሪው እኔ ነኝ።

ነሐሴ 9

አልነገርኳቸውም። ጾም ነው፣ ደካማ ናቸው። ሐኪሙ እንዳይደነግጡ ብሏል።

ነሐሴ 12

ብርሃን ነበር። ስላይዶቹን እንደ አዲስ ለካሁ፣ በየተራ፣ ቁጥሩን በወረቀት ሸፍኜ የትኛው ቢጫ የትኛው ቀይ እንደሆነ ሳላውቅ። ስገልጠው አንድ ናቸው። ጥርሱ አይረዝምም። አምና ያየሁት ማየት የፈለግሁትን ነው።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆች በየደጁ ይጨፍራሉ። ጋሼ ደስ ብሏቸው በግራ እጃቸው አልጋውን እየመቱ ተቀበሏቸው። አልነገርኩም።

ነሐሴ 17

እስካሁን የሚያውቅ ሰው የለም። አባ ወልደ ኪዳን ምን እንዳሉ እንኳ አያውቁም። ረቂቁ እንዳለ ቢሄድ ይታተማል። በዓለም ላይ ይህን ወገን የሚያውቁት ሰዎች አንድ ሚኒባስ አይሞሉም፤ ቦሊቪያ ሄዶ የሚያጣራ አንድ ሰው እስኪመጣ ሃያ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ጋሼ ገጹን ዳስሰው ይሞታሉ።

ለጋሼ ስል ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የጻፍኩትን። ለጋሼ ስል ነው።

ነሐሴ 19

እትዬ ውባንቺ ደጅ ላይ ገብስ እየለቀሙ፣ «ምን ሆነሃል መምህር?» አሉኝ። «ድሮ እያነበብክ ታስተኛው ነበር። አሁን ገብተህ ሰላም ብለህ ትወጣለህ። እሱም እኮ ያውቃል። ሰውዬው ሊሄድ ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ።»

«ማን ነው የሚሄደው?»

«አንተ። ሰለቸሁት ብሎ ፈርቷል።»

ነሐሴ 21

ነገርኳቸው።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ «ጋሼ፣ በዘጠና ላይ ቀን የሚጽፉት በማን አቆጣጠር ነበር?» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። 

«በእናቴ» አሉ።

ከዚያ በዝግታ ነገሩኝ። «የሞቷ ደብዳቤ የደረሰኝ ግንቦት ላይ ነው። ደብዳቤው ሲዞር ከርሞ፣ ከሞተች ስድስት ወሯ ነበር። ለቅሶ የምቀመጥበት ሰው የለኝ። የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን የለኝ። ከሰኔ ጀምሬ እሷ በምትቆጥርበት ቆጠርኩ። በዓሉ ሲደርስ አንሶላዬን ይዤ እወጣለሁ፣ መብራቱን አበራለሁ፣ እቀመጣለሁ። የሚመጣውን እይዛለሁ። እስከ ሩፋኤል። መስከረም ሲጠባ ተውኩት፤ ሥራዬን የሚያበላሽ መስሎኝ።» ፈገግ አሉ። «አበላሸው።»

«ዝናብ ነበር?»

«ጠብታ የለ። ብርድ ነው። ነግሬህ ነበር።»

ነግረውኝ ነበር።

«ስለዚህ አንድ ናቸው።»

«አንድ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ስሙ ቀረ።»

«ቀረ።»

«መቼ አወቅህ?»

«ነሐሴ አምስት። አባ መለያዎቹን በበዓል በበዓሉ ሲያነቧቸው።»

ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁት። «አሥራ ስድስት ቀን። እኔ ብሆን ወር እቆይ ነበር።» ቀጥለው፣ «ስምህ ቀረብህ፣ ምሥጌ» አሉኝ።

እሱን አላሰብኩትም አልኩ።  ግራ እጃቸውን ሰደው ጉልበቴን ፈልገው ያዙ።

እትዬ ውባንቺ ከጓዳ ሰምተው ብቅ አሉ። «ምንድን ነው የቀረው?»

«እማማ» አሉ ጋሼ። «በሷ ልንሰይም የነበረው።»

«እሰይ! ብትሰማ በዘንጓ ነበር የምትልህ። በትል? ስሜን በትል?»

ጋሼ ሣቁ፤ ሣቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ውኃ አጠጣናቸው። ሲረጋጉ፣ «ዕድሜ ልኬን የሌላውን ሰው ዝርያ ስሰርዝ ነው የኖርኩት» አሉ። «አንድ ቀን የራሴን ብሰርዝ ምን አለበት። በል ጻፍ።»

ጻፍን። ቃል በቃል እሳቸው እየነገሩኝ፤ ኮፓክሳ ውዱኤ የለም፣ አንድ ዝርያ ሁለት ልብስ ነው፣ በዝናብ ቀይ በበጋ ቢጫ፣ ስህተቱ የቀን አቆጣጠር ነው። አስቤው የማላውቀውን አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ሁለቱን ልብስ በወሩ ለይቶ ያሳየ ጽሑፍ እሳቸው እስከሚያውቁት የለም። «ይሄ ከአዲስ ስም ይበልጣል» አሉ። ልባቸው ያለውን ይሁን እኔን ለማጽናናት አላውቅም።

ምስጋናው ጋ ስንደርስ የእማማ ውዱን ስም እናስገባ አልኩ።

«እሷ ምን ሠራች? ስህተቱን ያገኙት አባ ናቸው። እሳቸውን ጻፍ።»

ጻፍኩ። ለካ አሥራ ስድስት ቀን በደንብ አልተነፈስኩም ነበር። ተመስገን።

ነሐሴ 24

ሀቢብ ፍላሹን ወሰደ። የሀቢብንም ስም ምስጋናው ላይ እንዳስገባነው ነገርኩት፤ የሂንድንም።

«ወላሂ? ከነጫማው?»

ነሐሴ 27

አረጋን ቢሮው ገብቼ ነገርኩት። ወረቀቱ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ስሜ በትልቁ። ጠቅልሎ ከመደርደሪያው ኋላ ከተተው።

«ስህተቱን ያገኘኸው ራስህ ነህ አይደል? እሱን እንናገራለን።»

«አባ ወልደ ኪዳን ናቸው።»

«እሱን እንኳ ባንናገር ይሻላል» አለ። አብረን ሣቅን። በር ላይ ስደርስ፣ «ምሥጋናው» ብሎ ጠራኝ፤ «እኔ ብሆን አልነግራቸውም ነበር» አለኝ።  እጁን ጨብጬው ወጣሁ።

ጳጉሜን 1

ከመጽሔቱ አዘጋጅ መልስ መጣ። ተናድዳለች ብዬ ነበር። ጽሑፉ ለዚህ ዕትም አይደርስም፣ እንደ አዲስ ይመረመራል፣ ምናልባት በዓመቱ ትላለች። ከሥሩ ግን፣ ሠላሳ ዓመት ስትሠራ አንድ ሰው የገዛ ዝርያውን ከመታተሙ በፊት ሲሰርዝ ያየችው ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑን ጽፋለች። ለጋሼ አነበብኩላቸው።

«የመጀመሪያው ማን ነበር?»

«አልነገረችንም።»

«ጠይቃት።»

በዓመቱ ይደርሱበት እንደሆነ አልጠየቁኝም። ድምፃቸው ከሰኔው ግማሽ ሆኗል። እትዬ ውባንቺ ምግቡን በማንኪያ ነው የሚሰጧቸው፤ ከአምስት አይዘልም።

አሮጌ መለያ አይጣልም። ደንቡ፣ ስህተትም ቢሆን መርፌው ላይ ይቀራል፣ ትክክለኛው ከሥሩ ይጨመራል። አሥራ ሰባት አዲስ መለያ ማሳተም አለብኝ። ጋሼ የሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ አሉ። ከዚያ፣ «ሩፋኤል መቼ ነው?» አሉ።

«ከነገ ወዲያ።»

«ዝናብ ከጣለ ወደ ደጅ አውጣኝ። እማማ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ብላ ልብሴን አስወልቃ ከዝናቡ መሐል ታቆመኝ ነበር። እዚያ ጠብቄ አጣሁት።»

እትዬ ውባንቺ፣ «ሳንባህን ልትጨርሰው?» አሉ። «ጭራሽ አይሆንም።» እኔም ሳሉ ይሻልዎት፣ ለከርሞ ያድርሰን አልኩ። ለከርሞ ስል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጳጉሜን 3

ነጅሚያ ፎቶኮፒ ቤት ነኝ። በርጩማው ላይ ተቀምጬ በጉልበቴ እጽፋለሁ። አሥራ ሰባቱን መለያ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሬ አምጥቻለሁ፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህል። ነጅሚያ ማሽኑን ስታሞቅ፣ «መምህር፣ ይሄን ማን ያነበዋል?» አለች።

«ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው።»

«እሱ እስኪመጣ ተቀመጡ በሉ።» ሻይ አስመጣችልኝ። ጥሩ ሰው ናት።

ማሽኑ ሁለተኛውን ቅጂ ሲጀምር መብራት ጠፋ። ወረቀቱ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። በወጣው በኩል እስከ ዘጠነኛው መለያ ይነበባል። የሩፋኤሏ መጨረሻ ላይ ስለሆነች ውስጥ ናት።

«አሁን ይመጣል፣ አትሂዱ» ትላለች። እየጠበቅሁ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ደፍርሶ ነበር እንጂ አልጣለም። አሁን ቆርቆሮው ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ሰማሁ። ከመንገዱ ማዶ ሴቶች ልጆቻቸውን እየጠሩ ወደ ደጅ ያወጣሉ። አንዷ ማሰሮ ጣራ ሥር ደቀነች።

ከዚህ እስከ ጋሼ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ ከሮጥኩ ያነሰ። ጋሼን ብቻዬን ማንሣት እችላለሁ፤ ክብደታቸው አልቋል። እትዬ ውባንቺ ይጮኹብኛል። ይጩኹ።

ጠነከረ።

«መምህር፣ ወረቀትዎ!» እያለች ነው ነጅሚያ። ይቆይልኝ ብያታለሁ። እየወጣሁ ነው።